ሰዓቱ ማንን ይከተላል?
ስለ ዘመናዊው የአስትሮኖሚ ትምህርትና ስለ ጊዜ አቆጣጠር የቀረበ ሒስ

በአንድ የመግቢያ ትምህርት ክፍል ውስጥ የሆነውን ነገር በመተረክ እንጀምራለን። መምህሩ ስለ ሰማይ አካላት እንቅስቃሴ ሲያስረዱ «ፀሐይ ከሰማይ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ስንት ሰዓት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ከኋላ ተቀምጦ የነበረ፣ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ በቤተ ክህነት ትምህርት ብዙ ዘመን የቈየ አንድ ጓደኛችን እጁን አወጣና «ስድስት ሰዓት» ሲል መለሰ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም «በሳይንስ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምንለው» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። ከሳቁት መካከል እኛም ነበርን።

በኋላ ግን ነገሩን ስናመዛዝነው ሳቃችን አሳፈረን። አንደኛ፣ በአዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከሰማይ አጋማሽ የምትደርሰው በስድስትም በአሥራ ሁለትም አይደለም፤ ይህንንም ወደ በኋላ በቁጥር እናሳያለን። ሁለተኛ፣ ያው የተሳቀበት ጓደኛችን በዚያው ቀን ማታ ከሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ የመጪውን ዓመት ፋሲካ ቀን፣ ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አስልቶ ነገረን። ካልኩሉስ የተማርን እኛ አንዳችንም ይህን ማድረግ አልቻልንም። እንዲያውም ቀኑ በምን እንደሚወሰን የምናውቅ አልነበርንም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። ዘመናዊው አስትሮኖሚ ሐሰት ነው ልንል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ንግግር የሰነፍ ንግግር ነው። ሒሳችን በአስተማመሩና ስለ ጊዜ በያዘው አስተሳሰብ ላይ ነው። ይኸውም፣ በትምህርቱ ውስጥ የተለካው፣ በስምምነት የተወሰነውና ከቀደምት የተወረሰው ነገር ሳይለይ ሦስቱም «ሳይንስ» በሚል አንድ ስም ስለሚቀርብ፣ ተማሪው የሰው ስምምነት የሆነውን የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ይቀበላል፤ የራሱን ደግሞ እንደ ልማድ ብቻ ቈጥሮ ይንቃል የምንል ነን።

1ኛ/ ሴኮንድ ከሰማይ የወረደችው እንዴት ነው?

ከሒስ በፊት ምስጋና ለሚገባው ምስጋናውን መስጠት ተገቢ ነው። ከጥንት ጀምሮ የጊዜ መለኪያ የነበረችው ምድር ራስዋ ናት። ዕለት በ24 ሰዓት፣ ሰዓት በ60 ደቂቃ፣ ደቂቃ በ60 ሴኮንድ ስለሚከፈል፣ ሴኮንድ ማለት ከአማካዩ የፀሐይ ዕለት 86,400ኛው እጅ ማለት ነበረ። ይህ ደግሞ የሚያስኬደው ምድር ሳትፈጥንና ሳትዘገይ እኩል የምትዞር ከሆነች ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1695 እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ የጥንቱን የግርዶሽ መዝገብ ከራሱ ዘመን ጋር ሲያስተያይ ጨረቃ ከቀድሞው የፈጠነች መስሎ ታየው። በ1754 ደግሞ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት የባሕር ሙላትና ጉድለት የምድርን ዙረት እያዘገየው መሄድ አለበት ሲል ጻፈ። በ1930ዎቹ የኳርትዝ ሰዓት በመጣ ጊዜ ምድር በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ በወቅት በወቅቱ በጥቂቱ እንደምትፈጥንና እንደምትዘገይ ታወቀ።

የዝግመቱ መጠን እጅግ ትንሽ ነው፤ የዕለት ርዝመት በመቶ ዓመት የሚጨምረው 1.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ትንሹ ነገር ሲጠራቀም ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ136 ዓመት በሚያዝያ ወር የባቢሎን ሰዎች በከተማቸው ላይ ፀሐይ ፈጽማ እንደ ጨለመች በሸክላ ጽላት ላይ ጽፈዋል። ምድር እስከ ዛሬ በእኩል ፍጥነት ዞራለች ብለን ወደ ኋላ ብናሰላ፣ የግርዶሹ ጥላ የሚያልፈው በባቢሎን ሳይሆን ወደ ምዕራብ ርቆ በሜዲትራንያን ባሕር ምዕራባዊ ክፍል ላይ ይሆናል። ልዩነቱ በሰዓት ሲቈጠር ከ3 ሰዓት በላይ ነው። በየዕለቱ የተሰወረችው የሴኮንድ ሽራፊ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ ሦስት ሰዓት ሆነች ማለት ነው።

ስለዚህ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ምድርን ከመለኪያነት ማንሣታቸው ምክንያት የለሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሉዊስ ኤሰንና ጃክ ፓሪ የተባሉ ሰዎች በእንግሊዝ አገር በቴዲንግተን የመጀመሪያውን አስተማማኝ የሲዝየም አቶም ሰዓት ሠሩ። በ1960 ሴኮንድ በምድር ዙረት መለካቷ ቀርቶ በምድር ዓመታዊ ጕዞ እንድትለካ ተወሰነ፤ ሰባት ዓመት ቈይቶ በ1967 ይህም ተሽሮ ሴኮንድ ማለት የሲዝየም 133 አቶም 9,192,631,770 ጊዜ የሚርገበገብበት ቆይታ ነው ተባለ።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ይህ 9,192,631,770 የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ? አቶሙ ራሱ አልተናገረውም። ቁጥሩ የተመረጠው አዲሲቱ ሴኮንድ ከዓመቱ ጕዞ ከተወሰደችው ሴኮንድ ጋር እንድትስማማ ነው። ይህችኛዋ ደግሞ አሜሪካዊው ሲሞን ኒውኮም በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ከተደረጉ የፀሐይ ምልከታዎች ባወጣው ሠንጠረዥ ላይ የተመሠረተች ናት። ከዚህም የተነሣ የአቶሟ ሴኮንድ በእውነቱ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የነበረው አማካይ ዕለት 86,400ኛ እጅ ናት። የዛሬው እጅግ ዘመናዊ ሰዓት በውስጡ የሚቈጥረው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን ሰማይ ነው ማለት ነው። መጽሐፎቻችን ቁጥሩን በቃል እንድናጠና ያዙናል፤ ይህን የዘር ሐረጉን ግን ብዙዎቹ አይነግሩንም።

2ኛ/ ሁለት ነገር በአንድ ስም

የመጀመሪያው ሒሳችን እንግዲህ ይህ ነው። «ጊዜ» በሚለው ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶች አሉ። አንደኛው ቆይታን መለካት ነው፤ ውሃው እስኪፈላ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ድምፁ ከተራራው ተመልሶ እስኪሰማ ስንት ሴኮንድ ቈየ የምንለው ነው። ሁለተኛው ወቅትን ማወቅ ነው፤ ነግቷል ወይስ አልነጋም፣ መስከረም ጠብቷል ወይስ አልጠባም፣ ጾሙ ገብቷል ወይስ አልገባም የምንለው ነው። ለመጀመሪያው አቶም ከምድር ይበልጣል፤ በዚህ ክርክር የለንም። ለሁለተኛው ግን አቶም ደንቆሮ ነው። ሲዝየም ንጋትን አያውቅም።

የዘመኑ አስተማመር ግን የመጀመሪያውን «ትክክለኛ ጊዜ»፣ ሁለተኛውን ደግሞ «የቀድሞ ሰዎች ግምት» አድርጎ ያቀርባል። በዚህ ምክንያት ተማሪው ፀሐይ የምትሳሳት፣ ሰዓቱ የማይሳሳት ይመስለዋል።

የሁለቱ ጠብ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. ከ1972 ወዲህ ነው። የአቶሙ ሰዓትና ምድር እየተራራቁ ስለ ሄዱ፣ ልዩነቱ ከአንድ ሴኮንድ እንዳያልፍ አንዳንድ ጊዜ በዓለሙ ሰዓት ላይ አንዲት ሴኮንድ እንድትጨመር ስምምነት ተደረገ። ከ1972 እስከ 2016 መጨረሻ 27 ሴኮንዶች ተጨምረዋል። የመጨረሻዋ የገባችው በአገራችን ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ነበረች። ሁላችንም ተኝተን ሳለን አለፈች።

ይህች ጭማሪ ሴኮንድ የኮምፒዩተርና የመገናኛ ሰዎችን በጣም ስለምታስቸግር፣ በኅዳር ወር 2022 እ.ኤ.አ. የዓለም መለኪያዎችን የሚወስነው ጉባኤ፣ እስከ 2035 ድረስ ልዩነቱ ከአንድ ሴኮንድ በላይ እንዲሰፋ ይፈቀድ ብሎ ቈረጠ። ትርጕሙ ለብዙ ዘመን ሰዓቱን ከምድር ጋር ለማስታረቅ አንደክምም ማለት ነው። ለመሣሪያ ሥራ የሚመች ውሳኔ ነው፤ በእኛ ዕድሜም የሚያመጣው ጕዳት የለም። ነገር ግን የሰው ልጅ የዕለቱን ቁጥር ከሰማይ ለመለየት መወሰኑ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ምድርና ስለ ሰማይ የሚያስተምረው ትምህርት ይህን በአንድ የግርጌ መስመር ሊያልፈው አይገባውም ነበር።

3ኛ/ ስምምነት ተፈጥሮ አይደለም

ወደ ተሳቀበት ጓደኛችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከግሪንች በስተ ምሥራቅ በ38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ምድር አንዱን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ስለምትዞር፣ የከተማችን የገዛ ራስዋ ጊዜ ከግሪንች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይቀድማል። እኛ ግን የምንሠራበት ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመው፣ የ45 ዲግሪው ሰዓት ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓታችን ከፀሐይ በአማካይ 25 ደቂቃ ይቀድማል። በዚህ ላይ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄደው በእኩል ፍጥነት ስላልሆነና ዘንግዋም ዘንበል ያለ ስለሆነ፣ ፀሐይ ራስዋ በዓመት ውስጥ ከአማካዩ እስከ 16 ደቂቃ ትቀድማለች፣ እስከ 14 ደቂቃ ትዘገያለች።

ድምሩ ሲሠራ፣ በአዲስ አበባ እውነተኛው ቀትር በጥቅምት መጨረሻ ገደማ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ፣ በየካቲት መጀመሪያ ገደማ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ላይ ይሆናል። በትክክል «ስድስት ሰዓት» ላይ የሚሆንበት አንድ ቀን እንኳ የለም። በመምህራችን አቈጣጠርም በትክክል «አሥራ ሁለት» የሚሆንበት ቀን የለም። ሁለቱም መልሶች የተሳሳቱት በአንድ ልክ ነው። የተሳቀበት ግን አንደኛው ብቻ ነው።

ታዲያ ዕለትን ከእኩለ ሌሊት መጀመር ሳይንስ፣ ሰዓትን ከንጋት መቍጠር ልማድ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? እ.ኤ.አ. በ1884 በዋሽንግተን 25 መንግሥታት ተሰብስበው ግሪንችን የዓለም መነሻ መስመር፣ እኩለ ሌሊትን የዓለሙ ዕለት መጀመሪያ አደረጉ። ከአፍሪካ በዚያ ጉባኤ የተገኘች ላይቤሪያ ብቻ ነበረች። 22ቱ ደገፉ፣ አንዱ ተቃወመ፣ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ። ድምፅ ተሰጥቶበት የተወሰነ ነገር ውል ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ስለ ስበት ሕግ ማንም ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም።

ከሁሉም የሚያስገርመው የአስትሮኖሚ ሊቃውንት ራሳቸው ይህን ውሳኔ ለአርባ ዓመት ያህል በሥራቸው አለመቀበላቸው ነው። እነርሱ ዕለትን የሚጀምሩት ከቀትር ነበር፤ ይህንንም እስከ 1924 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ አልተዉትም። ምክንያታቸው መልካም ነበር። ሥራቸው በሌሊት ስለሆነ የአንዱ ሌሊት ምልከታ በሁለት ቀን ስም እንዳይከፈል ፈልገው ነው። ዛሬም ቢሆን «የጁልየስ ዕለት» በሚባለው የእነርሱ ተከታታይ ቁጥር ዕለቱ የሚለወጠው በቀትር ነው። ሊቃውንቱ ለሥራቸው በሚስማማቸው ሰዓት ዕለትን መጀመራቸው ካላሳቀ፣ ገበሬያችን በሚነሣበት ሰዓት ቁጥሩን መጀመሩ ለምን ያሥቃል?

ከንጋት መቍጠርም በየአገሩ እኩል የሚመች አይደለም። በለንደን በበጋቸው ቀኑ 16 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ በክረምታቸው ደግሞ 8 ሰዓት አይሞላም። በእንዲህ ያለ አገር ከንጋት የሚነሣ ቁጥር አይረጋም፤ ስለዚህ እኩለ ሌሊትን መምረጣቸው ይገባናል። በአዲስ አበባ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ንጋት ከዓመት እስከ ዓመት ብዙ አይነቃነቅም። በምድር ወገብ አጠገብ የሚኖሩት የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛው ከንጋት የሚቈጥሩት በከንቱ አይደለም። የእኛ ሰዓት ከኬክሮሳችን፣ የእነርሱ ከኬክሮሳቸው የወጣ ነው። ትምህርቱ ይህን ቢነግረን ኖሮ የሰዓት ልዩነት የዕውቀትና የድንቍርና ልዩነት ሳይሆን የቦታ ልዩነት መሆኑን በመጀመሪያው ቀን በተረዳን ነበር።

4ኛ/ የተዘለለው ምዕራፍ

የአስትሮኖሚን ታሪክ የሚተርኩት መጻሕፍቶቻችን ከባቢሎን ተነሥተው ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ዐረቦች፣ ከዐረቦች ወደ ኮፐርኒከስ ይሻገራሉ። የእስክንድርያ ሊቃውንት የዘመን ስሌት በግዕዝ ተጽፎ በአገራችን እንደ ኖረ የሚናገር ገጽ ግን አናገኝም። ባሕረ ሐሳብ የሚባለው ይኸው ነው። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ከዘመኑ ሊቃውንት የሒሳብና የአስትሮኖሚ ታሪክ ጸሐፊው ኦቶ ኖይገባወር ይህን ሥራ በጥንቃቄ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1979 በቪየና አንድ መጽሐፍ አሳትሟል፤ የጥንቱ የእስክንድርያ ስሌት በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ተጠብቆ መቈየቱንም አሳይቷል። እንግዲህ ነገሩ ለባዕድ ሊቅ የሚገባ ጥናት ከሆነ ለእኛ የማይገባበት ምክንያት አይታየንም።

ከሻይ ቤቱ ጓደኛችን የተማርነውን ስሌት እዚህ ላይ እናስፍረው። ምሳሌ እንዲሆነን 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ።

ሀ/ ዓመተ ዓለሙን ለማግኘት 5500 እንጨምር፦ 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ባይተርፍ ዮሐንስ ነውና፣ ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው።

ለ/ 7518ን ከ1879 ጋር ደምረን ድምሩን 9397 ለ7 ብናካፍል 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እየተባለ ስለሚቈጠር፣ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ይውላል።

ሐ/ 7518ን ለ19 ብናካፍል 13 ይተርፋል፤ ይህም መደብ ይባላል። አንዱን ለዘመን ትተን 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ11 ብናባዛ 132፤ በ30 በ30 ብንገድፈው 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 ብናባዛ 228፤ በ30 ብንገድፈው 18 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ስለሚሆኑ ሥራችንን በዚህ እንፈትነዋለን።

መ/ መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ቀን ይሆናል። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነውና 18 እና 7 ተደምረው 25 ይሆናል፤ ይህም መባጃ ሐመር ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ገባ። የፋሲካ ተውሳክ 9 ስለሆነ 25 እና 9፣ 34፤ 30ውን ብንገድፍ 4 ይተርፋል። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ሳይንስ አስተውሉ። 19 የተመረጠው 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ሊተካከል ምንም ያህል ስለማይቀረው ነው። 11 የተመረጠው 12 የጨረቃ ወር ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ስለሚያጥር ነው። ሰባቱ ቀኖች ከአራቱ ወንጌላውያን ጋር ተባዝተው 28፣ 28 ከ19 ጋር ተባዝቶ 532 ዓመት፣ ማለት ዓውደ ቀመር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀን ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ በዩኒቨርሲቲ የቁጥር ቲዎሪ ክፍል የምንማረው የተራፊ ሒሳብ ነው። አያቶቻችን በቃላቸው ያጠኑት ነበር፤ እኛ ግን በባዕድ ምሳሌ እንደ አዲስ ነገር እንማረዋለን።

ሌላም አለ። ባሕረ ሐሳብ ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ ካልዒትን በ60 ሣልሲት እያለ ይከፍላል። ካልዒት ማለት በግዕዝ «ሁለተኛ» ማለት ነው። ሴኮንድ የሚለውም ቃል በላቲን «ሁለተኛዋ ትንሽ ክፍል» ከሚለው የመጣ ነው። ሁለቱም ስሞች የመጡት በስድሳ ከመክፈል ልማድ ነው፤ ልማዱም በመጀመሪያ የባቢሎን ነበረ። ሴኮንድና ካልዒት እንግዲህ በልዩ ልዩ መንገድ የመጡ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

5ኛ/ ሒሱ ለራሳችንም ነው

እዚህ ላይ ብናቆም ብዙ አንባቢ ያጨበጭብልን ነበር፤ ነገር ግን ሐቀኞች አንሆንም። «ባሕረ ሐሳብ ከምዕራባውያን አስትሮኖሚ ይበልጣል፤ ስሕተት የለበትም» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን አሉ። ይህ ንግግር ከክፍሉ ሳቅ የማይሻል ነው።

ዓመታችን 365 ቀን ከሩብ ተብሎ ይቈጠራል። ወቅቶች ተመልሰው የሚመጡት ግን በ365.2422 ቀን ነው። ልዩነቱ በ128 ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። የጥንቶቹ የእስክንድርያ ሊቃውንት ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበትን ቀን መጋቢት 25 ላይ አድርገውት ነበር፤ ዛሬ በሰማይ የሚሆነው ግን መጋቢት 11 ገደማ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ሸሽቷል። ጨረቃም እንዲሁ ናት፤ 235ቱ ወር ከ19ኙ ዓመት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚያጥር፣ በ300 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ይሳሳታል። በዚህም ምክንያት የስሌቱ ሙሉ ጨረቃ ከሰማዩ ሙሉ ጨረቃ ዛሬ ከ4 እስከ 5 ቀን ይዘገያል። ማንም ሰው ማታ ወጥቶ ቀና ብሎ ቢያይ ይህን ሊመሰክር ይችላል።

መጽሐፈ ሄኖክንም እንመልከት። ሙሉው መጽሐፍ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ በመሆኑ በትክክል እንኰራበታለን። በውስጡ ስለ ፀሐይ በሮች የሚናገረው ክፍል ዕለትን በ18 እጅ ከፍሎ በረጅሙ ወቅት ቀኑ 12 እጅ፣ ሌሊቱ 6 እጅ ይሆናል ይላል። የቀኑ የሌሊቱ እጥፍ መሆን በጥንቱ የባቢሎን ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው፤ በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ግን ሆኖ አያውቅም፣ ሊሆንም አይችልም። መጽሐፉ ሌላ አገር ተወልዶ ወደ እኛ የመጣ ነውና ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም። ጥያቄው ለእኛ ነው፤ በየገዳሙ ለብዙ መቶ ዓመት ሲነበብ ከደጅ ወጥቶ ጥላ የለካና በኅዳጉ ላይ «በእኛ አገር እንዲህ አይደለም» ብሎ የጻፈ ስንት ነው? አባቶቻችን ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ሰዓት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። መለኪያው በእግራቸው ሥር ነበረ። እኛም ከውጭ የመጣውን መጽሐፍ ሳንለካ የምናጠና ከሆነ ያንኑ ስሕተት እየደገምን ነው።

6ኛ/ ጉዳዩ ምን ያገባናል?

«ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር ነው፤ እንጀራ አይሆንም» የሚለን ይኖራል። አንድ የምናውቀውን ነገር እንንገረው። ከእኛው ጋር የሚማር አንድ ወጣት የተወለደው በኅዳር 1997 ዓ.ም. ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ባለው ጊዜ የሚጨመረው 7 ስለሆነ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር 2004 መሆን ነበረበት። ማስረጃውን የጻፈለት ጸሐፊ ግን 8 ጨምሮ 2005 አደረገው። በሌላ ወረቀቱ ላይ ደግሞ በትክክል 2004 ተጽፏል። በውጭ አገር የትምህርት ዕድል ባገኘ ጊዜ ሁለቱ ወረቀቶች አልስማማ አሉ፤ እስኪታረሙም ቀነ ገደቡ አለፈ። አንዲት የመደመር ሕግ በትክክል ሳይማሯት በመቅረት የአንድ ሰው መንገድ ተዘጋ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያላስተማሩትን ነው ያላወቀው።

ልዩነቱስ ለምን 7 ወይም 8 ሆነ? በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስና በ6ኛው መቶ ዓመት በሮም የነበረው ዲዮናስዮስ የክርስቶስን ልደት ዓመት በተለያየ መንገድ ስላሰሉ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ይህን ሳያውቁ «ኢትዮጵያ በሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች» እያሉ የሚቀልዱ ስንቶችን ሰምተናል! የመነሻ ቁጥር ልዩነት የሥልጣኔ ልዩነት መስሏቸዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የመግቢያው የአስትሮኖሚና የፊዚክስ ትምህርት ስለ ጊዜ ሲያስተምር ቆይታንና ወቅትን፣ መለኪያንና ስምምነትን ለይቶ እንዲያስተምር፤ በዚያም ውስጥ ለባሕረ ሐሳብ፣ ከነጉድለቱ፣ አንድ ምዕራፍ እንዲሰጥ መምህራኖቻችንን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ ማኅበራችን የባሕረ ሐሳብ መምህራንን በየጊዜው እየጋበዘ እንዲያስተምሩን እንዲያደርግ። የሒሳብ ተማሪዎች ስሌቱን፣ የታሪክ ተማሪዎች መጻሕፍቱን፣ የፊዚክስ ተማሪዎች ሰማዩን ይዘው ቢቀርቡ ሁሉም የሚማረው ነገር አያጣም። መሪጌታው ከመድረኩ ሲወርዱ የሚጠይቃቸው አንድ ተማሪ ካገኙ ዕውቀቱ አንድ ትውልድ ተሻገረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚቀለው ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ነገር ግን ለመጀመር ቴሌስኮፕ አያስፈልገንም። በግቢያችን ባለው ሜዳ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት በቱምቢ አስተካክለን እንትከል። በሥሩ ዙሪያ በገመድ ክብ እንሥራ። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን ሲነካ አንድ ምልክት፣ ከሰዓት በኋላ ሲነካ ሌላ ምልክት እናድርግ፤ የሁለቱ አማካይ ሰሜንና ደቡብን ያሳየናል። ጥላው በዚያ መስመር ላይ ሲያርፍ እውነተኛው ቀትር ነውና ሰዓታችንን አይተን እንጻፍ። በየሳምንቱ ይህን ብናደርግ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃውንም 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃውንም በዓይናችን እናያለን። በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን 63 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ በሰኔ ወደ ደቡብ ዞሮ 26 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማለቂያ ገደማ ደግሞ በቀትር ጥላው ከነጭራሹ ይጠፋል። የለንደን ተማሪ በአገሩ ሊያየው የማይችለው ይህ የእኛ ሰማይ ነው።

የተሳቀበት ጓደኛችን እንጨቱን ሊተክል ቃል ገብቷል። እኛም መዝገቡን እንይዛለን። የሳቅነው ሁሉ ተራ በተራ ቀትር ላይ እየመጣን ሰዓቱን ብናነብለት ለሳቃችን ካሣ ይሆናል። በመጪው ዓመት መዝገቡን በዚሁ መጽሔት ላይ ለማውጣት ተስፋ እናደርጋለን። ያን ጊዜ «ፀሐይ በቀትር ስንት ሰዓት ትሆናለች?» ተብሎ ቢጠየቅ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሜዳው መልስ እንሰጣለን።